የልብ ጡንቻ ተቀባዮችን ካልሲየምን ተከትሎ ማጥናት፦ ለጎንደር የጤና ተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና፣ የፋርማሲ፣ የነርሲንግና የጤና መኮንን ተማሪዎች የልብን ፊዚዮሎጂ ሲያጠኑ ከሁሉ በላይ የሚያደክማቸው የተቀባዮች ዝርዝር ነው። አልፋ 1፣ ቤታ 1፣ ቤታ 2፣ ኤም 2፣ ኤ 1፣ ኤቲ 1 እያለ የሚቀጥለውን ስም ሸምድደው ለፈተና ይገባሉ፤ ክሊኒክ ዓመት ላይ ደርሰው የልብ ድካም ካለበት ታማሚ አልጋ አጠገብ ሲቆሙ ግን ቻርቱ ላይ የተጻፈው መድኃኒት የትኛውን ተቀባይ እንደሚነካና ለምን እንደታዘዘ ማስረዳት ይቸግራቸዋል። ይህ መመሪያ ዝርዝሩን ከመሸምደድ ይልቅ እያንዳንዱን ተቀባይ ከመልእክቱ መነሻ እስከ ካልሲየም ድረስ ተከትሎ ለማጥናት የሚረዳ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ወረቀት፣ ባለ ሁለት ቀለም እስክሪብቶና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ካልሲየምን ሣሉ

ወረቀቱ መሃል ላይ አንድ አዋቂ የልብ ጡንቻ ሕዋስ ሣሉ። ቅርጹ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ይሁን፤ ከሽፋኑ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ፣ ቲ-ቱቦ የሚባሉ ጠባብ ቦዮችም ይኑሩት። ከውጭ በኩል «ካልሲየም፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር» ብላችሁ ጻፉ፤ ከውስጥ ደግሞ ልብ በሚያርፍበት ቅጽበት ነፃ የሆነው ካልሲየም 100 ናኖሞላር ገደማ ብቻ መሆኑን አስፍሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቢያንስ 10,000 እጥፍ ነው፤ የልብ መኮማተር የቆመውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ሲድኒ ሪንገር ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ የእንቁራሪት ልብ መምታቱን እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ1883 ካሳየ ወዲህ ይህ መነሻ አልተለወጠም።

የኤሌክትሪክ ምልክቱ በቲ-ቱቦዎቹ በኩል ወደ ሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል ሲደርስ፣ ኤል ዓይነት የሚባለው የካልሲየም ቻናል ተከፍቶ ጥቂት ካልሲየም ያስገባል። ይህ ጥቂት ካልሲየም ሪያኖዲን ተቀባይ የሚባለውን የውስጥ በር ይከፍትና ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከተባለው ማከማቻ ከራሱ እጅግ የሚበልጥ ካልሲየም እንዲለቀቅ ያደርጋል። በዚህን ጊዜ የውስጡ መጠን ወደ 1 ማይክሮሞላር ይጠጋል፤ ካልሲየሙም ትሮፖኒን ሲ ከተባለው የጡንቻው ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ጡንቻው ይኮማተራል። ጡንቻው እንዲላላ ደግሞ ሰርካ የተባለው ፓምፕ ከካልሲየሙ ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን ወደ ማከማቻው ይመልሳል፤ የቀረውን በአብዛኛው የሶዲየምና የካልሲየም መለዋወጫው ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ሥዕሉ ላይ በደማቁ የምትጽፏቸው እንግዲህ መግቢያው ቻናል፣ የማከማቻው በር፣ ትሮፖኒን እና ሰርካ ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ተቀባይ የጡንቻውን ጉልበት በሰከንዶች ውስጥ ለወጠ ከተባለ፣ ከእነዚህ በአንዱ ወይም በብዙዎቹ ላይ የሠራው ሥራ መኖር አለበት።

ሥዕሉ የአዋቂ ሕዋስ መሆኑን አትርሱ። በአዋቂ ሰው ልብ ውስጥ የጡንቻ ሕዋሳት የሚታደሱት እጅግ በዝግታ ነው፤ በ25 ዓመት ዕድሜ በዓመት ወደ 1 በመቶ፣ በእርጅና ደግሞ ከዚያ ግማሽ በታች ይሆናል። ስለዚህ ለልብ የሚደርሰው መልእክት ባሉት ሕዋሳት ጉልበት፣ ፍጥነትና ውፍረት ላይ ይሠራል እንጂ አዲስ ሕዋስ በብዛት አያስገኝም። የምርምር ጽሑፍ ስታነቡም ሙከራው የተደረገው በምን ላይ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። አዲስ ከተወለደ አይጥ የተወሰደ ሕዋስ ቲ-ቱቦው ገና አልዳበረም፤ የአዋቂ አይጥ ልብ ደግሞ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ስለሚመታ ካልሲየሙን ከሞላ ጎደል በሙሉ በሰርካ ነው የሚመልሰው። ከሁለቱም የተገኘ ውጤት እንዳለ ወደ ሰው ልብ አይገለበጥም።

ለእያንዳንዱ ተቀባይ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ ተቀባይ እንደ ጥሩ በረኛ ነው፤ መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል እንጂ መልእክተኛውን አያስገባም። ስለዚህ መልእክተኛው ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ፣ ተቀባዩ ውስጥ ያለውን የትኛውን ረዳት እንደሚቀሰቅስ፣ በካልሲየም ዑደቱ ላይ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። በመጨረሻም መልእክቱ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ማለትም ለሰከንድ፣ ለሰዓት ወይስ ለወራት እንደሆነ ጠይቁ። በእኔ አስተያየት ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ተማሪዎች የሚዘሉትም እርሱኑ ነው።

ረዳቶቹን በተመለከተ ለጀማሪ ሦስት የጂ ፕሮቲን ዓይነቶች ይበቃሉ። ጂኤስ አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ቀስቅሶ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን በሕዋሱ ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ሞለኪውል ይጨምራል፤ ጂአይ ይህንኑ ይገታል፤ ጂኪው ግን ፎስፎላይፔዝ ሲ በተባለ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያገኘው ኧርል ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ጂ ፕሮቲንን ያገኙት ጊልማንና ሮድቤል በ1994፣ ተቀባዮቹን ራሳቸውን ያጠኑት ሌፍኮዊትዝና ኮቢልካ በ2012 የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው ርዕሱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳያል። ለፈተና ስሞቹን ማወቅ ግድ አይደለም።

ቤታ 1፣ በዝርዝር

መልእክተኛው ከሲምፓቴቲክ ነርቭ የሚለቀቀው ኖርአድሬናሊንና ከአድሬናል ዕጢ የሚመጣው አድሬናሊን ነው፤ ረዳቱ ጂኤስ ነው። የጨመረው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤን ይቀሰቅሳል፤ ይህ ኢንዛይምም በሥዕላችሁ ላይ ባሉት ቦታዎች ሁሉ ይዞራል ማለት ይቻላል። የቆዩ ሀንድአውቶች ኢንዛይሙ የኤል ዓይነት ቻናሉን ራሱን ፎስፌት አሸክሞ እንደሚከፍተው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ግን ፎስፌቱ የሚያርፈው ቻናሉን ገትታ በያዘችው ራድ በተባለች ፕሮቲን ላይ እንደሆነና ራድ ስትለቅቀው ቻናሉ በብዛት እንደሚከፈት አሳይቷል። ኢንዛይሙ ፎስፎላምባን የተባለውን የሰርካ ገቺም ከሥራ ውጭ ስለሚያደርግ ፓምፑ ይፈጥናል። ትሮፖኒን አይን ሲነካ ደግሞ ትሮፖኒን ሲ ካልሲየሙን ቶሎ እንዲለቅ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይገረማል፤ ልብ በርትቶ እንዲመታ የሚያደርግ መልእክት ለምን ካልሲየም ከትሮፖኒን ቶሎ እንዲለቅ ያደርጋል? መልሱ በስሌት ይገኛል። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ለአንድ ምት 1 ሰከንድ አለው፤ ከዚህም መኮማተሩ የሚወስደው 0.3 ሰከንድ ገደማ ነው። ምቱ 120 ሲደርስ ግን ጠቅላላው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጥረውም የእረፍቱ ጊዜ ነው። ጡንቻው ቶሎ ካልላላ ልብ በደም ሳይሞላ ይመታል፤ ባዶ ልብ ደግሞ ቢበረታም የሚረጨው ነገር የለውም። ስለዚህ ቤታ 1 ማበርታትንም ማላላትንም አብሮ ያፋጥናል። የምቱ መፍጠን ራሱ የሚመጣው በምት መነሻ ሕዋሳት ላይ ባለው ኤችሲኤን 4 በተባለ ቻናል ላይ ሳይክሊክ ኤኤምፒ በቀጥታ ሲያርፍበት ነው።

ይህን በራሳችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ግን ይተወው። ተቀምጣችሁ ካረፋችሁ በኋላ የእጃችሁን አንጓ ይዛችሁ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከዚያም ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወስደውን ዳገት በፍጥነት ጀምሩና ገና በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ፣ ቀጥሎም ዳገቱ መሃል ላይ፣ በመጨረሻም ካረፋችሁ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ዝላይ በአብዛኛው የቤታ 1 ሥራ አይደለም፤ ቫገስ የተባለው ነርቭ ያሳረፈውን ፍሬን ሲያነሳ የሚታይ ነው። ምቱ 100ን አልፎ ሲወጣ ግን ኖርአድሬናሊን ተራውን ወስዷል ማለት ነው። ስታርፉ በመጀመሪያው ደቂቃ በፍጥነት የሚወርደውም ቫገስ ስለተመለሰ ነው። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ በቅርቡ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ የእርሱን አሃዝ ከእናንተው አጠገብ ጻፉት፤ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ለአዲስ ገቢ ትንሽ ይሳሳበታል፤ ለጥቂት ቀናትም የልብ ምቱ በመጠኑ ከፍ ሊል ይችላል።

ፍሬኖቹ፦ ኤም 2 እና ኤ 1

ከቫገስ የሚለቀቀው አሴቲልኮሊን በኤም 2 ተቀባይ ላይ ያርፋል፤ ረዳቱ ጂአይ ነው። የተለየ የፖታሲየም ቻናልም ይከፍትና የምት መነሻውን ሕዋስ ያረጋጋዋል። ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ከአንዱ የእንቁራሪት ልብ የወጣ ፈሳሽ ሌላውን ልብ እንደሚያዘገይ ያሳየው ይህንኑ መልእክተኛ ይዞ ነው። ነርቭ ሁሉ ቢቋረጥ የወጣት ልብ በራሱ በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታ ነበር፤ ስንቀመጥ 70 የምናገኘው ፍሬኑ ቀን ከሌት ስለማይነሳ ነው። የኤም 2 ጉልበት በምት መነሻውና በላይኞቹ የልብ ክፍሎች ላይ ይበረታል፤ በታችኞቹ ክፍሎች ዋና ሥራው ቤታ 1 የጨመረውን ሳይክሊክ ኤኤምፒ መቀነስ ነው።

ይህን ተቀባይ በደንብ የምታዩት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ማላታይን ወይም ሌላ ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ የጠጣ ታማሚ ሲመጣ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ስለታገደ መልእክተኛው ይከማቻል፤ ምቱ ሊዘገይ፣ ሳንባው በፈሳሽ ሊሞላ፣ የዓይኑ ብሌን ሊጠብ ይችላል። አትሮፒን የሚሰጠው በዓይነቱ ኤም የሆኑትን ተቀባዮች ለመዝጋት ነው፤ መጠኑም በየ5 ደቂቃው እየታየ ሳንባው እስኪደርቅና ምቱ ከ80 በላይ እስኪሆን ይጨመራል። ሆኖም አሴቲልኮሊን ኒኮቲናዊ ተቀባዮችንም ስለሚነካ የልብ ምቱ ከመጀመሪያው ፈጣን ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ የልብ ምት ብቻ አይታችሁ «መርዙ ቀላል ነው» እንዳትሉ፣ ሳንባውን አዳምጡ። ተቃራኒውን ሥዕል የሚያሳየው አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚባለው ተክል ነው፤ ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ስላለው የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ አእምሮውም ይቀባዥራል።

ኤ 1 የአዴኖሲን ተቀባይ ሲሆን መንገዱ ከኤም 2 ጋር አንድ ነው ቢባል ይቀላል። ከላይኛው የልብ ክፍል በሚነሳ ድንገተኛ ፍጥነት ለተያዘ ሰው አዴኖሲን በደም ሥር በፍጥነት ይሰጣል፤ በደም ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት ከ10 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ስለሚበቃው ቀስ ብሎ መስጠት አለመስጠት ነው። ካፌይን ይህንኑ ተቀባይ ይዘጋል፤ ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ የመጣ ሰው ለመድኃኒቱ ደካማ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል፤ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት። ጫት በበኩሉ በካቲኖን አማካይነት ኖርአድሬናሊን ከነርቭ ጫፍ እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ በሥዕላችሁ ላይ ከቤታ 1 በላይ ይጻፋል።

ጊዜ ሲረዝም

አሁን ወደ አራተኛው ጥያቄ እንምጣ። በልብ ድካም ጊዜ ሰውነት ደም ያነሰው ይመስለዋልና ሲምፓቴቲክ ነርቭን ለወራትና ለዓመታት ያነሳሳል። ለአንድ ዳገት የሚጠቅመው መልእክት ሳይቋረጥ ሲመጣ ጂአርኬ 2 የተባለ ኢንዛይም ቤታ ተቀባዩን ፎስፌት ያሸክመዋል፤ አሬስቲን የተባለ ፕሮቲን ተጣብቆበት ከጂኤስ ይለየዋል፤ ቀጥሎም ተቀባዩ ከሽፋኑ ይወገዳል። በከፋ የልብ ድካም በሰው ልብ ታችኛ ክፍል ያሉት ቤታ ተቀባዮች ቁጥር ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በጤናማ ልብ 80 ለ20 ገደማ የነበረው የቤታ 1 እና የቤታ 2 ድርሻም ወደ 60 ለ40 ይጠጋል። ተቀባዩ እየቀነሰ እንኳ የማያቋርጠው ኖርአድሬናሊን ሕዋሳትን ይገድላል፤ ካልሲየምም ከማከማቻው ያለ ጊዜው እንዲያፈስ በማድረግ የምት መዛባት ያስከትላል።

ስለዚህ ለደከመ ልብ ቤታ መዝጊያ መስጠት ከጥንቱ ትምህርት ጋር ሲተያይ ነውር ይመስል ነበር፤ ለረጅም ዓመታትም የተከለከለ ነበር። በስዊድን ጎተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 በጥቂት ታማሚዎች ላይ የታየው መሻሻል ሰሚ ያገኘው ቆይቶ ነው፤ በ1999 የታተሙት የቢሶፕሮሎልና የሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ታላላቅ ሙከራዎች ግን ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሳቸውን አሳዩ። ጥቅሙ የተረጋገጠው ለእነዚህ ሁለቱና ለካርቬዲሎል ነው፤ አቴኖሎል ስላለ ብቻ በቦታቸው ማስገባት ማስረጃ የለውም። አጀማመሩም የጊዜውን ነገር ያንጸባርቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድጋፍ ስለሚነሳ ልብ ይደክማል፣ ጥቅሙ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። በመሆኑም ታማሚው እግሩ እያበጠና ሳንባው ውኃ ይዞ ሳለ አይጀመርም፤ ሲጀመርም ካርቬዲሎል በቀን ሁለት ጊዜ በ3.125 ሚሊግራም ተጀምሮ ከሁለት ሳምንት ባላነሰ ልዩነት እየታየ በእጥፍ ያድጋል። ታማሚውን «መጀመሪያ ትንሽ ሊያደክምዎት ይችላል» ብሎ ማስጠንቀቅ መድኃኒቱን ጥሎ ከመጥፋት ያድነዋል።

የጂኪው መንገድ አጭር ማስታወሻ ይበቃዋል። አልፋ 1 ተቀባይና የአንጂዮቴንሲን 2 ተቀባይ የሆነው ኤቲ 1 በዚህ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሥራቸው ሲረዝም ሕዋሱን ያወፍራሉ፣ አንጂዮቴንሲን ደግሞ በልብ ውስጥ ጠባሳ እንዲበዛ ያደርጋል። ኤናላፕሪል የመልእክተኛውን መሠራት ይቀንሳል፤ ሎሳርታን ተቀባዩን ይዘጋል። ኤናላፕሪልም ሆነ ሎሳርታን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ስፓይሮኖላክቶን የሚዘጋው የአልዶስቴሮን ተቀባይ ሽፋን ላይ ሳይሆን ሕዋሱ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ በ1999 በታተመው ሙከራ ሞትን በ30 በመቶ ቀንሷል።

ወደ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡ መልእክተኞች

ከአልዶስቴሮን ሌላ ወደ ሕዋሱ የሚገባው የታይሮይድ ሆርሞን ሲሆን ተቀባዩ ኒውክሊየስ ውስጥ ተቀምጦ የጂኖችን ንባብ ይለውጣል። ሰርካ እንዲበዛ፣ ፎስፎላምባን እንዲቀንስ፣ ቤታ 1 እንዲጨምር ያደርጋል፤ ውጤቱ የሚታየው በቀናትና በሳምንታት ነው። በደጋው አካባቢ እንቅርት ያለበት ሰው ብዙ ስለሆነ፣ እንቅርቱ ሆርሞን ማብዛት ሲጀምር ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ማለትም ከላይኞቹ የልብ ክፍሎች የሚነሳ የተዛባ ምት፣ ይዞት ሊመጣ እንደሚችል አስቡ። ቀድሞ በሩማቲክ ሕመም ቫልቩ የጠበበ ሰው ላይ ይህ ሲደርስ ቃል በቃል በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

በሽፋኑ ላይ ያለው ኸር 2 የተባለው ተቀባይ ደግሞ፣ ኒውሬጉሊን የሚባል መልእክት ከደም ሥር ሕዋሳት ከሚቀበለው ከኸር 4 ጋር ተጣምሮ የልብ ሕዋስ ጉዳትን እንዲቋቋም ያግዛል። ይህ በሰፊው የታወቀው ለጡት ካንሰር የተሠራው ትራስቱዙማብ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተፈቀደ በኋላ ነው፤ በ2001 በታተመው ሙከራ ከዶክሶሩቢሲን ቤተሰብ መድኃኒትና ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር አብሮ ሲሰጥ በ27 በመቶ ታማሚዎች ላይ የልብ ጉዳት ታይቷል።

ቻርት ይዞ መለማመድ

እንግዲህ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ራውንድ ውጡ። ለምሳሌ ከደምቢያ የመጣች፣ የሚትራል ቫልቯ በሩማቲክ ሕመም የጠበበ፣ ምቷም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሆነ ወጣት ሴት አለች እንበል፤ ቻርቷ ላይ ፍሮሴማይድ፣ ሜቶፕሮሎል፣ ዲጎክሲን፣ ዋርፋሪንና በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተጽፏል። ፍሮሴማይድ፣ ዋርፋሪንና ፔኒሲሊን በሥዕላችሁ ላይ ቦታ የላቸውም፤ የልብ ሕመም መድኃኒት ሁሉ የልብ ተቀባይን አይነካምና በግድ አታስገቧቸው። ሜቶፕሮሎል ቤታ 1ን ይዘጋል፤ ምክንያቱ ግን ከላይ ካየነው የተለየ ነው። እዚህ የታችኛው ክፍል ጡንቻ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የተፈለገው ምቱ ዘግይቶ ደሙ በጠባቡ ቫልቭ ለማለፍ ጊዜ እንዲያገኝ ነው። ዲጎክሲን የሚነካው ተቀባይን ሳይሆን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፑን ነው፤ ምቱን የሚያዘገየው ግን የቫገስን ጉልበት በመጨመር፣ ማለትም በኤም 2 በኩል ነው። ታማሚዋ ስትነሳና ስትራመድ ቫገስ ስለሚለቅ፣ አልጋ ላይ 80 የነበረው ምቷ በዲጎክሲን ብቻ ከሆነ ኮሪደሩን ሳትጨርስ ሊያሻቅብ ይችላል።

ስለዚህ ምቷን ተኝታ ብቻ አትቁጠሩ፤ ከቻለች አብራችኋት ጥቂት ተራምዳችሁ እንደገና፣ አንጓዋን ሳይሆን ደረቷን በስቴቶስኮፕ እያዳመጣችሁ ለሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ በፊብሪሌሽን ጊዜ አንጓ ላይ የማይደርስ ምት አለና። ሜቶፕሮሎሉ በበቂ መጠን እየተሰጠ ምቱ አሁንም ካልወረደ መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት ትኩሳትና የደም ማነስ መኖሩን አጣሩ፣ አንገቷን ዳስሱ፣ የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዝም በራውንዱ ላይ አንሡ።